ጠፍር ያላላ ይውረድ

ዛንድራ ጊድሪ ያገባችው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማርኬል ሃያ። እሷ ከዕቃ መጋዘኑ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምና፣ እሱ ከጎማ ቤቱ ቱታውን እንኳ ሳይቀይር፣ መሃል ሂውስተን ፍርድ ቤት ገብተው ፈረሙና ወጡ። መንገድ ዳር ቆመው አንድ አንድ ሳንድዊች በሉ፤ ሠርጉ ይኸው ነው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጉድ የፈላው ቅዳሜ፣ አባቷ ቤት ስትሄድ ነው።

«አባዬ፣ አገባሁ።»

አልሲድ ጊድሪ ጎንበስ ብሎ የፈረስ ሰኮና እየጠረገ ነበር። ቀና አላለም። «ማንን?»

«ማርኬልን።»

«ያንን የጎማ ቤት ልጅ?»

«ስም አለው።»

«ፈረስ ያውቃል?»

እንግዲህ ጉዳችሁን ስሙ! ሌላ አባት ቢሆን ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ የት ልትኖሩ ነው ብሎ ይጠይቃል። አልሲድ የጠየቀው ፈረስ ነው። ማርኬል ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ተወልዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ነው። ፈረስን የሚያውቀው እንደማንኛውም የከተማ ሰው ነበር፤ በሩቁ።

የጊድሪዎች ሰፈር ግን ሌላ ነው። እዚያ ፈረስ ከመኪና ጎን ይታሰራል። አንዱ ግቢ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ቀጣዩ ግቢ በቅሎ ቆማ፣ ከአጥሩ ማዶ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ወንዶቹ አምስት ቀን የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቧንቧ ሲያጥቡ ይከርሙና ቅዳሜ ጠዋት ባርኔጣቸውን ደፍተው አስፋልቱ ላይ ይጋልባሉ። መጋዘን ውስጥ አንድ አለቃ ነኝ ባይ ዛንድራን «ደግሞ ጥቁር ካውቦይ አለ እንዴ?» ብሎ ስቆባት ያውቃል። «እና በዚህ አገር ከብቱን ማን የነዳው መሰለህ? አክስትህ ናት?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከእሷ ጋር ወሬ አላበዛም።

ማርኬል ተማረ። አማቱን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሚስቱ ፈረስ ላይ ወጥታ ስትሄድ እሱ ደጃፍ ላይ ስልኩን እያየ መቀመጡ አንገበገበው። ሦስት ወር ሙሉ ዲከን በሚባለው ሽማግሌ ፈረስ ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ ወጣ። ፈረሱ ዲከን፣ ማለትም ዲያቆን፣ የተባለው ሆዱን ነፍቶ መቆም ስለሚወድ ነው፤ ልክ እሁድ ምሳ የበላ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ይመስላል። በጥር ወር መጨረሻ ማርኬል ሳይወድቅ ሰፈሩን መዞር ጀመረ። እሰይ ያለችው ዛንድራ ብቻ ነች።

በየካቲት ሰፈሩ በሙሉ ወደ ጉዞው ይወጣል። መቶ ሃያ የሚሆን ፈረሰኛና ስምንት ሰረገላ ከገጠር ተነስቶ፣ ስድስት ቀን ተጉዞ፣ የሮዲዮው፣ የፈረሰኞች ውድድሩ፣ ሰሞን ከተማው መሃል መናፈሻ ይገባል። የጉዞው አለቃ አልሲድ ጊድሪ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ነው። በዚህ ዓመት ደግሞ ዛንድራን ዳር ጠባቂ አድርጓት ነበር። ዳር ጠባቂ ቀይ ሰደርያ ለብሶ በሰልፉና በመኪናው መካከል የሚጋልብ ሰው ነው። ከእሷ በፊት ሴት ለብሳው አታውቅም፤ እሷም ከሰባት ዓመቷ ጀምራ የተመኘችው እሱን ነው።

ማርኬል ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ለመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። አልሲድ ይህን ሲሰማ በሰው ፊት አፉን ሞልቶ ተናገረ።

«ይምጣ። መናፈሻው ድረስ ኮርቻ ላይ ከተቀመጠ አማቼ ነው፣ ከገበታዬ ይበላል። መሃል ላይ ከወረደ ግን ሁለተኛ ሰረገላዬ አጠገብ ዓይኑን እንዳላይ።»

«እሱ የማይደርስበት እኔም አልደርስም» አለች ዛንድራ። «ያኔ ሰደርያህን ለፈለግከው አልብሰው።»

«ለአንድ የጎማ ልጅ ብለሽ?»

«ለባሌ ብዬ።»

ይህን ያለችው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ቃሏንም አላጠፈችም።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ተጓዡ የነቃው ከከተማው ዳር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ ሣር ሜዳ ላይ ነው። ቋሊማ ይጠበሳል፣ በቅሎ ይጮሃል፣ ሰው የጠፋ ጓንቱን ይፈልጋል። ማርኬል በርሜል ውሃ ለበቅሎዎቹ እያመላለሰ ስለነበር ዲከንን የጫነችው ዛንድራ ነች። ይህ ፈረስ ሲጫን አመል አለው፤ ኮርቻውን የሚይዘው ጠፍር ሆዱ ስር ሲጠብቅ ትንፋሹን ይይዝና ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ አንዴ ታስረዋለህ፣ አሥር እርምጃ ታራምደዋለህ፣ ሲተነፍስ ሁለተኛ ታጠብቀዋለህ። ሰፈሩ ውስጥ ይህን የማያውቅ የስድስት ዓመት ሕፃን የለም።

ዛንድራ አንዴ አሰረች። አባቷ ከኋላዋ መጣ።

«ዛሬ ሰደርያውን አውልቂና ሰረገላ ላይ ውጪ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ዓይንሽ ከመኪናው ይልቅ እሱን ነው የሚጠብቀው። ባል አለኝ ብለሽ ሰው እንድታስፈጂብኝ አልፈልግም።»

«አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ስህተት አየህብኝ?»

«አምስቱን ቀን እሱ አልነበረም።»

«እንዲያውም የፈራኸው እኔ እንዳላጠፋ አይደለም። እሱ መናፈሻው እንዳይደርስብህ ነው!»

አልሲድ ጥርሱን ነክሶ ትቷት ሄደ። ዛንድራ ደሟ ፈልቶ የዲከንን ልጓም ለማርኬል ሰጠችና ወደ ራሷ ፈረስ ሮጠች። ሁለተኛውን ማጥበቅ ረሳችው። ከሦስት ዓመቷ ጀምራ ፈረስ ላይ ያደገች ልጅ፣ ረሳችው።

ሰልፉ ሊነሳ ሲል አለቃው እንደ ልማዱ ከፊት እስከ ኋላ በእግሩ ሄደ። ይህ የአልሲድ ሥራ ነው፤ ለማንም ሰጥቶት አያውቅም። በእያንዳንዱ ፈረስ ሆድና ጠፍር መካከል ሁለት ጣቱን ያስገባል። ሁለት ጣት በግድ ከገባ ደህና ነው፤ ሦስተኛ ከተጨመረ ያስቆምና በጥፊ የሚማታ እስኪመስል ይቆጣል። ዛንድራ ከሩቅ ሆና አየችው፤ ዲከን ጋ ደረሰ፣ ጎንበስ አለ፣ እጁን አስገባ፣ ማርኬልን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ወደ ቀጣዩ አለፈ። እፎይ አለች። ከዚያ አልሲድ ፈረሱ ላይ ወጥቶ የመነሻውን ረጅም ጩኸት ለቀቀው፣ መቶ ሃያው ሰው ተቀበለው፣ ሰልፉም ተነሳ።

አራት ማይል ሄዱ። ማርኬል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ጥርሱ ሁሉ ተገልጦ ነበር። ከአውራ ጎዳናው ጎን ባለው መንገድ ላይ ሲገቡ ሰው ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ስልክ ደገነባቸው። የኮንዶሚኒየም ልጆች በረንዳ ላይ ወጥተው አጨበጨቡ። ማርኬል ለአንድ አሮጊት ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣቸው። ዛንድራ ከመንገዱ ዳር ሆና ስታየው ልቧ ሞቀ። ይሄ የኔ ነው፣ አለች በልቧ።

ከኋላ የሲሚንቶ ማቡኪያ መኪና መጣ። ሾፌሩ ባለጌ አልነበረም፤ ፈረስ አይቶ ደስ ብሎት ነው ጥሩምባውን የነፋው። ዲከን ደንግጦ ወደ ጎን አንድ ጊዜ ዘለለ። ኮርቻው ዞረ። ማርኬል ከነኮርቻው ወደ ፈረሱ ሆድ ስር ተንሸራተተና አስፋልቱ ላይ በጀርባው ወደቀ። የመኪናው ጎማ ጮኸ። መኪናው ሲቆም በጎማውና በማርኬል ራስ መካከል የቀረው ሁለት ክንድ ነበር።

ዛንድራ እንዴት ከፈረስ እንደወረደች አታውቅም። ተንበርክካ ፊቱን ያዘችው።

«አለሁ» አለ ማርኬል። «አለሁ። ክርኔ ብቻ ነው።» ክርኑ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ከንፈሩ ነጭ ነበር።

ሰልፉ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ የደነገጠው ሁሉ ልጁ ቆሞ መራመዱን ሲያይ ሳቅ ሳቅ አለው። አንዱ «ጎማ መሰለው እንዴ፣ ብሎኑን ሳያጠብቅ የነዳው!» አለ። ሌላው ደግሞ በስልኩ የቀረጸውን መልሶ እያየ ነበር። አልሲድ ፈረሱን እየጋለበ መጣና የተንጠለጠለውን ጠፍር አየ።

«ማነው ይሄን ፈረስ የጫነው?»

ዛንድራ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማርኬል «እኔ ነኝ» አለ።

በዚህ ጉዞ ሕጉ አንድ ነው፤ ያወጣውም አልሲድ ነው። ጠፍር አላልቶ ሰው ያስጣለ፣ ለቀረው መንገድ ከፈረስ ወርዶ ከሕፃናትና ከሽማግሌ ጋር ሰረገላ ላይ ይቀመጣል። አንድ ዓመት የገዛ ወንድሙን አውርዶታል፤ ሰውዬው እያለቀሰ ነው የወረደው።

«እንግዲህ አለቀ» አለ አልሲድ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር፣ ዛንድራ ሰማችው። «አንድ ሰው በመኪና ወስዶ ፌርማታ ላይ ያውርደው።»

«ውሸቱን ነው!» አለች ዛንድራ። «የጫንኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሳላጠብቅ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«ተይ፣ ዝም በይ» አለ ማርኬል በሹክሹክታ። «ሰደርያሽን ይወስዱብሻል።»

«ይውሰዱታ! ሬሳህን ልወስድ ነበር እኮ!»

አልሲድ ልጁን አየ፣ ልጅቱን አየ። «እሺ፣ ረሳሽ» አለ ለዘብ ብሎ። «ሰው ነሽ፣ ይረሳል። ፈረስሽ ላይ ውጪ። ልጁ ግን መናፈሻው ሳይደርስ ወርዷል። ቃል ቃል ነው።»

እዚህ ላይ ነው ዛንድራ አንጀቷ ያረረው። ለወንድሙ ያልራራ ሕግ ለእሷ ሲሆን ላላ! ባሏን ለማባረር ሲባል እሷ ምሕረት ተደረገላት! ልትጮህበት አየር ስባ፣ ጠዋት ሲያልፍ ያየችው ነገር ድንገት ዓይኗ ላይ መጣ። ድምፅዋ ወረደ።

«አባዬ። ጠዋት እጅህን አስገብተህ ነበር።»

«ምን?»

«ዲከን ጋ። ጎንበስ ብለህ እጅህን ጠፍሩ ስር አስገባህ። አይቼሃለሁ። ስንት ጣት ገባ?»

አልሲድ ዝም አለ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን እጅ ያውቃታል፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

«ስንት ጣት ገባ ነው የምልህ!»

ከሰረገላው ላይ የአልሲድ ታላቅ እህት፣ አክስት ቨርዲን፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አልሲድን በሕፃንነቱ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «አልሲድ፣ ልጅቱ ጠይቃሃለች። መልስ።»

አልሲድ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አራት» አለ።

«አራት ጣት!»

«እዚያው ሣሩ ላይ፣ ገና ሲነሳ ይወድቃል ብዬ ነው። ሰው ስቆበት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነው። እዚህ ድረስ ይመጣል አላልኩም።»

«አላልክም» አለች ዛንድራ። «እኔ ረሳሁ አባዬ። ጥፋቴ ነው፣ እስክሞት ያመኛል። አንተ ግን አልረሳህም። አንተ አውቀህ ነው ያለፍከው።»

ማርኬል ደም የሚንጠባጠበውን ክንዱን በሌላው እጁ ይዞ ወደ አልሲድ ፈረስ ተጠጋ። ድምፁን አላነሳም።

«ሚስተር አልሲድ፣ ያ ሾፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ለእናቴ ማን ነበር የሚነግራት? እርስዎ ነዎት?»

የሲሚንቶ መኪናው ሾፌር ከመኪናው ወርዶ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር፤ እሱም መልሱን የሚጠብቅ ይመስላል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ አክስት ቨርዲን። «ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህም? ጠፍር ያላላ ይውረድ ብለህ?»

አልሲድ ወረደ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሰው ፊት በትእዛዝ ከፈረስ ሲወርድ ያየው ሰው አልነበረም። የፈረሱን ልጓም ለእህቱ አቀበላቸው። እሳቸውም ምርኩዛቸውን ለአንዱ ወርውረው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ ያንን ትልቅ ፈረስ ወጡበት። «አርባ ዓመት የጠበቅኩት ነገር» አሉ ኮርቻው ላይ ሲደላደሉ፣ ማንንም ሳያፍሩ።

ዛንድራ ቀይ ሰደርያዋን አወለቀች።

«አንቺ ለምን?» አለ ማርኬል።

«ሕጉ ለእኔም ነው። እሱ አውቆ ቢያልፈውም፣ ጠፍሩን ያላላሁት እኔ ነኝ። አሁን ስማኝ፤ ቤታችን እንሂድ ካልክ አሁኑኑ እንሄዳለን። አንድ ቃል አልናገርህም። አልፈልግም ማለት መብትህ ነው።»

ማርኬል አስፋልቱን አየ፣ ስልክ የደገኑትን አየ፣ ዲከንን አየ።

«ወይ ፍንክች!» አለ። «ወድቆ ቀረ ብለው ሊያወሩ? እወጣለሁ። ለአባትሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ለራሴ ነው።»

አንዲት ሴት ክርኑን በውሃ አጥባ በጨርቅ አሰረችለት። ኮርቻውን ራሱ መለሰ። አንድ ሁለቱ ሊያግዙት ሲመጡ በእጁ ከለከላቸው። ጠፍሩን ሳበ፤ ዲከን ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ነፋ። ማርኬል አልቸኮለም። ፈረሱ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። መቶ ሃያ ሰው፣ ስምንት ሰረገላና ከኋላ እስከ ድልድዩ የተሰለፈ መኪና ሁሉ ቆሞ አንድ ሽማግሌ ፈረስ እስኪተነፍስ ጠበቀ። ተነፈሰ። ማርኬል አጠበቀና ወጣ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ዛንድራ የጊድሪ ስም በተጻፈበት ሰረገላ የኋላ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። አባቷ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። አክስት ቨርዲን ጮኹ፣ ሰልፉ መለሰላቸው፣ መንኮራኩሩ ዞረ። ማርኬል ከሰረገላው ኋላ ልክ ፊት ለፊታቸው ይጋልባል። ትከሻው ላይ ሕመሙ ይታያል፤ ፊቱ ላይ ግን ንጉሥ ቢመጣ አልወርድም የሚል እልህ ነበር።

አልሲድ ጥቂት መንገድ ችሎ ሄደ። ከዚያ አልቻለም።

«ተረከዝህን ዝቅ...»

«አባዬ!» አለች ዛንድራ። «ዛሬ አንተ ለእሱ አፍ የለህም።»

የመንገዱ ዳር ሰው አለቃውን ሰረገላ ላይ ሲያየው እርስ በርሱ ይጠቋቆማል። አንዱ ስሙን ጠርቶ ምን ሆነህ ነው አለው። ዛንድራ የአባቷን እጅ ጉልበቱ ላይ አየችው፤ ያ ፈረስ ላይ ያወጣት፣ ስትወድቅ ያነሳት እጅ ነው። ትወደዋለች። ያቃጠላትም ይኸው ነው፤ ባትወደው ኖሮ ስድብ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

«ዛንድራ» አለ አባቷ ቆይቶ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ስንደርስ ታናግሪኛለሽ?»

«እኔን ተወኝ። መጀመሪያ ይቅርታ የምትጠይቀው ፊትህ ያለውን ነው።»

«እጠይቀዋለሁ። ይቀበለኛል?»

ዛንድራ ባሏን አየችው። ማርኬልም አያቸው፤ ፈገግም አላለም፣ ፊቱንም አላዞረም።

«እንጃ» አለች። «ገና አሥራ አራት ማይል አለ።»